ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ድንኳን ግን ተጥሏል

«ለቃሪያ ድንኳን ጣልክለት?» አለች እማዬ። «ሰርግ ነው ለቅሶ?»

ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ከበረንዳው መስኮት አጠገብ ዚፕ ያለው የጨርቅ ቁምሳጥን ቆሟል። ልብስ የለበትም። ግድግዳው ብርማ ነገር ለብሷል፣ ከላይ ሁለት መብራት ተንጠልጥሏል፣ ከታች 19 የእርጎ ኩባያ ተደርድሯል። ድንኳን ያለችው ይሄንን ነው።

ከሰኔ እስከ ኅዳር የሆነውን በደብተር ይዤ ነበር። ስንት ዘር፣ ስንት ሙት፣ ስንት ዲግሪ። የማወራችሁ ከዚያው ደብተር ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከእማዬ ናፍቆት ነው። በፊት የነበርንበት ቤት ግቢ ነበረው። በአጥሩ ጥግ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ነበራት። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግቢው በረንዳ ሆነ፣ በረንዳው ደግሞ የጀሪካን መደርደሪያ ሆነ። ሁለት ክረምት ቃሪያ ዘርታ ሁለቱንም ጊዜ አፈር ውስጥ በሰበሰባት። ሁለተኛው ላይ «ይሄ ፎቅ አይወደኝም» ብላ ተወችው።

ፎቁ ምንም አላደረጋትም። ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች የመጣ ተክል ነው። ዘሩ ጥሩ አድርጎ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ15 ሲወርድ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እርጥበት ካለ ደግሞ ይበሰብሳል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሐምሌ ፀሐይ በደመና ተሸፍና ትውላለች፣ ሌሊቱ ጋቢ ያስለብሳል። ስለዚህ ክረምቱን ቤት ውስጥ ላሳልፋቸው፣ መስከረም ሲጠባ በረንዳ ላውጣቸው ብዬ አሰብኩ።

በቤት ውስጥ በድንኳን ስለማሳደግ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው አብዛኛው ነገር ስለ ካናቢስ ነው። እኔም መጀመሪያ ደንገጥ ብዬ ነበር። እኛ አገር ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማብቀሉንም ይከለክላል። ዕቃው ግን ዕቃ ነው። ብርሃን መላሽ ግድግዳ፣ የመብራት ሰዓት ቆጣሪ፣ ፋን፣ ዘርን በእርጥብ ወረቀት ማብቀል፣ ይሄ ሁሉ ለቲማቲምም ለቃሪያም ይሆናል። የማይሆነው የመብራቱ ሰዓት ነው። ካናቢስ አብቃዮቹ መጀመሪያ በቀን 18 ሰዓት አብርተው ያሳድጉታል፣ ከዚያ ወደ 12 ይቀንሱታል። ምክንያቱም ያ ተክል የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምበት ነው። ቃሪያ ሌሊት አይቆጥርም። ዕድሜው ሲደርስና ሙቀቱ ሲመቸው ያብባል። ይህን ሳላውቅ ቀድቼ ቢሆን ኖሮ የመብራት ካርዴን በከንቱ እጨርስ ነበር። 14 ሰዓት ይበቃዋል ብዬ ወሰንኩ።

ድንኳኑን ከውጭ ማስመጣት አልሞከርኩም። የጨርቅ ቁምሳጥን ከመርካቶ ገዛሁ። ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲሜትር ነው። ውስጡን በመኪና መስታወት የፀሐይ መከላከያ ለበጥኩት፣ ያ ትራፊክ መብራት ላይ እየዞሩ የሚሸጡት ብርማው። መብራቱ አንድ ባለ 50 ዋት ነጭ ፓውዛ ሲሆን፣ ለተክል ነው ብሎ ሻጩ የማለልኝ ወይን ጠጅ መብራት ተጨመረበት። ባለ ክብ ጥርሱ ታይመር፣ አንድ ዲቫይደር፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣ ፋን። ፋኑን መጀመሪያ አልሰቀልኩትም ነበር። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዘሩ ሁለት ጊዜ ተሸወድኩ። መጀመሪያ ከጉሊት የገዛሁትን አረንጓዴ ቃሪያ ሰንጥቄ ፍሬውን ዘራሁ። አንድም አልበቀለም። እማዬ ስትሰማ ሳቀች። «አንተ፣ ቃሪያ እኮ ያልደረሰ በርበሬ ነው። ካልደረሰ ምን ይወልዳል?» ከዚያ ለበርበሬ ካመጣችው የማረቆ ዛላ መርጣ፣ ቀይና ሙሉ የሆነውን ሰብራ አራገፈችልኝ። 24 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። በ12 ቀን 3 ብቻ ፈነዱ። የቀሩት ሻጋታ አወጡ።

ሦስተኛውን ዙር ያዳነው ዲኮደሩ ነው። የቴሌቪዥኑ ዲኮደር ቀኑን ሙሉ ሞቅ ይላል፣ ድመት ቢኖረን እዚያ ነበር የምትተኛው። ሰኔ 20 ሌላ 24 ፍሬ በዚያው ምሳ ዕቃ አድርጌ ላዩ ላይ አኖርኩት። ክዳኑ በደንብ መገጠሙን ሦስቴ አይቻለሁ፣ ውኃ ከገባበት ዲኮደሩም እኔም አለቀልን። በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያው ነጭ ጭራ ወጣ። በአሥረኛው 19 ሆኑ። ዘሩም ቤቱም ያው ነው፣ የተለየው ከሥር ያለው ሙቀት ብቻ ነው።

አፈሩ ከችግኝ ሻጮች የመጣ ነው። ግማሹ ጥቁር አፈር፣ ሩቡ ኮምፖስት፣ ሩቡ በወንፊት የነፋሁት ሬድ አሽ፣ ያ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ሬድ አሽ መቼም ከተማው በሙሉ ግንባታ ስለሆነ አይጠፋም። ውኃ ያሳልፋል፣ አፈሩ እንዳይጨቀይ ያደርጋል። የኩባያዎቹን ቂጥ በጋለ ሚስማር በሳሁ።

ሐምሌ 8 ጠዋት ዚፑን ስከፍት አንዱ ችግኝ ተኝቷል። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክር አክሏል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ መሞቱን ገና ያልሰማ ይመስላል። በማግስቱ ሁለት። እስከ ሐምሌ 12 ድረስ 6 ችግኝ እንዲሁ ወደቀ። እኔም ደንግጬ ውኃ ጨመርኩላቸው። ያን ያህል ነው የማውቀው የነበረው።

ይህ ፈንገስና ፈንገስ መሰል ተባዮች የሚያመጡት የታወቀ የችግኝ በሽታ ነው። የሚወዱት እርጥብ አፈር፣ የማይንቀሳቀስ አየርና ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት ነው። ሦስቱንም እኔ ነኝ አሟልቼ ያቀረብኩላቸው። ዚፑ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፣ ጠዋት ማታ አጠጣለሁ፣ ፋኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። በብርማው ግድግዳ ላይ ጠብታ ሲወርድ አይቼ «ተመችቷቸዋል» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ደብተሩ ላይ አለ። ሐምሌ 12 ፋኑን ሰቀልኩ፣ ዚፑን ከላይም ከታችም አንድ አንድ ስንዝር ከፈትኩ። ውኃውን ከላይ ማፍሰስ ትቼ ኩባያዎቹን ትሪ ላይ አስቀምጬ ከሥር እንዲጠጡ አደረግኩ፣ ያውም ኩባያው ሲነሳ ከቀለለ ብቻ። ከዚያ በኋላ አንድም አልወደቀም። 13 ቀሩ። ሰፋ ብለው እንዲቀመጡ 10ሩን ድንኳኑ ውስጥ፣ 3ቱን መስኮት ላይ አደረግኩ።

የሐምሌ 24ቱን ማታ ግን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እማዬ ቡና ልታፈላ ስትነሳ «ተቀመጪ እትዬ፣ አልቆይም» አሏት። ሲቀመጡ ዓይናቸው ከመጋረጃው ጥግ ከሚወጣው ወይን ጠጅ ብርሃን ላይ አልነሳ አለ።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይልህ» አሉኝ። «ሰው ያወራል። ሌሊት በስምንት ሰዓት የሆነ መብራት ይበራል ይላሉ። አንዳንዱማ ስም አውጥቶለታል።»

«ምን ብሎ ጋሼ?»

እማዬን ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ጋንጃ።»

«ጋንጃ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እማዬ፣ ጆሮዋ ለማይመለከታት ነገር በጣም ደህና ነው።

«ሐሺሽ ነው እትዬ። ሰው ነው የሚለው፣ እኔ አላልኩም።»

እማዬ ምንም ሳትመልስ ተነስታ ዚፑን እስከ ታች ሳበችው። «ይኸው፣ ይዩት። የማረቆ ዛላ ነው። በእጄ ነው ያራገፍኩት።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። አንድ ቅጠል በጣታቸው ገለበጡ። ልዩነቱን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። የካናቢስ ቅጠል እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ፣ ዳሩ መጋዝ የመሰለ ነው። የቃሪያ ቅጠል አንድ ወጥ፣ ዳሩ ለስላሳ ነው። «ቃሪያ ነው» አሉ፣ ትንሽም ቅር ያላቸው መሰለኝ። ቡናውን ጠጥተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ግን ለምንድን ነው ሌሊት የምታበራው?»

«ሌሊትማ አላበራም ጋሼ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጠፋል።»

«አይጠፋም ልጄ። ዘበኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው ጠፋ የሚለኝ።»

ከሄዱ በኋላ ታይመሩን ነቅዬ አየሁት። ይሄ ባለ ክብ ጥርሱ ታይመር ውስጡ ትንሽ ሞተር ናት። ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ እሱም እዚያው ይቆማል፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ያስተካከልኩት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 2 እንዲያበራ ነበር። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ መብራት አንዴ ለሰዓት፣ አንዴ ለሁለት ሰዓት ሲሄድ ተጠራቅሞ ታይመሩ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። መብራቱ ከቀኑ 7 ሰዓት በርቶ እስከ ሌሊቱ 9 ይቆያል። ከሥራ ማታ ስመጣ በርቶ አገኘዋለሁ፣ ያ ልክ ነው። ጠዋት ስወጣ ጠፍቶ ሳየው ደግሞ «ዛሬም መብራት የለም» እያልኩ እወጣ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ ቀን እንኳ አልነካሁም። በዚህ ከተማ ሰው ይህን ለመጠርጠር ምክንያት የለውም።

ታይመሩን ወደ ቦታው ልመልሰው ስል ደብተሩን ገለጥኩ። በሐምሌ መጀመሪያ፣ መብራቱ ቀን ሲበራ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቀን 26 ዲግሪ፣ ሌሊት 15 ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ግን ጠዋት ስነሳ 20 አካባቢ ጽፌያለሁ፣ ቀንም ከ19 አልወረደም። ችግኞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ያሉበት ቆመው፣ በኋላ ድንገት የተነሱት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ መብራቱን ብርሃን ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። 100 ዋት የሚበላ መብራት በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ግን ማሞቂያም ነው። የሚበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። በቀን አብርቼ ሙቀቱን ለማያስፈልግበት ሰዓት እያዋልኩት፣ ብርዱ በሚገባበት ሰዓት አጠፋው ነበር።

ስለዚህ ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ይልቁንም ከማታ 12 እስከ ጠዋት 2 አደረግኩት። ቀን ላይ ዚፑ ተከፍቶ የመስኮቱን ብርሃን ያገኛሉ። ወይን ጠጁን መብራት አውጥቼ ሁለተኛ ነጭ ፓውዛ ሰቀልኩ። ቅጠል ላይ ያለ ተባይ ወይን ጠጅ ብርሃን ውስጥ አይታይም፣ እኔም ዳግመኛ በር እንዲንኳኳብኝ አልፈለግኩም። ከመስኮቱ በኩል ወፍራም መጋረጃ ጨመርኩ። መብራቶቹን ደግሞ ከችግኞቹ በላይ ከነበሩበት ከ70 ወደ 30 ሳንቲሜትር አወረድኳቸው፣ ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ ቀጥነው ረዝመው ስለነበር። በየእሑዱ ታይመሩን ከስልኬ ሰዓት ጋር ማስተያየት የሳምንቱ ሥራዬ ሆነ።

ቦታ አጥተው መስኮት ላይ የተቀመጡት 3 ኩባያዎች ሳላስበው ማነጻጸሪያ ሆኑልኝ። አፈራቸው ያው፣ ውኃቸው ያው ነው። በነሐሴ መጨረሻ ድንኳን ውስጥ ያሉት ከስንዝር አልፈዋል፣ ግንዳቸው እርሳስ አክሏል። የመስኮቶቹ አራት ጣት ናቸው፣ ቅጠላቸውም ገርጥቷል።

አሁን ወደ ካርዱ። ሁለቱ ፓውዛ በ14 ሰዓት 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ፣ በወር 42። የእንጀራ ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ነው። እንግዲህ የአንድ ቀን ድንኳን ማለት የ24 ደቂቃ ምጣድ ማለት ነው። እማዬ ስለ ካርድ ማጉረምረም ያቆመችው ይህን ሂሳብ ስነግራት ነው። ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ፣ ብዙ ለሚበላ ቤት ይህ 42 ወደ ላይኛው ደረጃ ሊገፋው ይችላል። እኛ 42ቱ ተጨምሮም ከ101 እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ባለው ውስጥ ስለቀረን አልገፋንም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠነቅቅ። የጨርቅ ቁምሳጥን ይቀጣጠላል። ፓውዛ ከጀርባው ይግላል። የእኔዎቹ ከጨርቁ አንድ ስንዝር ርቀው፣ በብረቱ ላይ በሽቦ ታስረው ነበር። ዲቫይደሩ ከውኃው ትሪ በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። በገመድ ወይም በፕላስተር አንጠልጥሎ የሚተኛ ሰው ካለ ባይተኛ ይሻለዋል።

መስከረም 1 ቀን 2017 ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ከቤት የወጣ ችግኝ ፀሐይን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት። ይህን አውቃለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 8ቱን በረንዳ አወጣኋቸው፣ 5ቱን ለጎረቤትና ለዘመድ ሰጥተን ነበር። ከዚያ እንግዳ መጣ፣ ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ገቡ። ትዝ ያሉኝ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። የላይኞቹ ቅጠሎች እንደ ወረቀት ነጥተዋል። በዚህ ከፍታ ላይ፣ ክረምቱ ያጠበው ሰማይ ሥር ያለ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። እማዬ አየቻቸውና «የእንቁጣጣሽ ልብስ አለበስካቸው» አለች። አልሞቱም። የተቃጠለው ቅጠል ረገፈ፣ አዲስ አወጡ፣ አሥር ቀን ያህል ግን ወደ ኋላ ቀሩ።

ከዚያ ወደ 10 ሊትር የቀለም ባልዲ ተዛወሩ። ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጠው ትንሽ ተባይ፣ ወጣባቸው። ጥቂት ጠብታ ላርጎ በአንድ ሃይላንድ ውኃ በጥብጬ የቅጠሉን ሆድ ማታ ማታ ረጨሁት፣ በሦስተኛው ጊዜ ለቀቀ። በመስከረም መጨረሻ አበቡ። ጥቅምት 28 የመጀመሪያዎቹን 5 ቃሪያ እማዬ ቆርጣ፣ ስንግ ሠርታ፣ አንዱን ሰሃን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ላከች። ሰሃኑ ሲመለስ ቆሎ ነበረበት።

ኅዳር ሲገባ አበባው መርገፍ ጀመረ። ቃሪያ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሬ ያልያዘ አበባውን ይጥላል፣ የኅዳር ሌሊት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ምሕረት የለውም። ኅዳር 12 ሰፈሩ በሙሉ ኅዳር ሲታጠን ብሎ ቆሻሻ ሲያቃጥል በጭሱ ምክንያት ባልዲዎቹን ሳሎን አስገባኋቸው፣ በዚያው ሌሊት ሌሊት እያስገባሁ ቀጠልኩ። ለአበባው ግን ረፍዷል። የያዙት አደጉ፣ አዲስ አልመጣም። ያቺ የመስከረም 1 ቃጠሎ የወሰደችብኝ አሥር ቀን ዋጋዋ እዚህ ላይ ታየኝ። አሥር ቀን ቀድመው ቢያብቡ ሌላ አንድ ዙር ይይዙ ነበር።

እስከ ኅዳር 30 ድረስ ከ8 ተክል 2.3 ኪሎ ለቅመናል። ከአትክልት ተራ ብንገዛው እጅግ ይረክስ ነበር፣ አልዋሽም። ከ3ቱ የመስኮት ችግኞች አንዱ ብቻ ነው ያፈራው፣ 4 ፍሬ።

በታኅሣሥ ድንኳኑን ልፈታው ስል እማዬ ከለከለችኝ። ብርማውን አንስታ አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ጋቢዎቿንም አስገብታ ዚፑን ዘጋች። ሁለት በደንብ የቀሉ ዛላዎች በክር አስራ ከቁምሳጥኑ ብረት ላይ ሰቅላቸዋለች። «ግንቦት ላይ ጋቢዬን አወጣልሃለሁ» አለችኝ። «ዘንድሮ ሰኔ ድረስ አንጠብቅም።»